ከሪባኑ ማግስት



የክበባችሁ ፕሬዚዳንት ደውለው፣ «ስለ በጎ አገልግሎት ክበቦች ሥራ ጥቂት ይንገሩን» ሲሉኝ፣ «ዕድሜ ልኩን ነርስ የነበረ ሰው ስለ መርፌ እንጂ ስለ ንግግር ምን ያውቃል?» አልኳቸው። ሳቁና፣ «እንግዲያው ሳያሳምሙ ይውጉን» አሉ። እሞክራለሁ። ትንሽ ማሳመሙ ግን አይቀርም።

የዛሬው ነገሬ በአንድ ቃል ይጠቃለላል፤ ማግስት። ሪባን በሚቆረጥበት ቀን ሁላችንም አለን። ሻሻችንን አሳምረን፣ ከረባታችንን አስረን፣ ከፎቶ አንሺው ፊት ተደርድረን አለን። በማግስቱስ ማን አለ? ጥያቄዬ ይኸው ነው። በአራት ከፍዬ አቀርበዋለሁ። በመጀመሪያ እነዚህ ክበቦች ከየት እንደ መጡ፣ ቀጥሎ ከእኛው ደቦና እድር ጋር ምን እንደሚያገናኛቸውና ምን እንደሚለያቸው፣ በሦስተኛ በሁለት በሽታዎች ላይ የሠሩትን ሥራ፣ በመጨረሻ ደግሞ የራሴ ክበብ የሠራውን አንድ ስሕተት እነግራችኋለሁ። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ትቼላችሁ እወርዳለሁ። ዓመተ ምሕረት በጠራሁ ቁጥር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ልግባ።

ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ ነበር። ያደገው ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ ነው። ቺካጎ ገብቶ ቢሮ ሲከፍት ደንበኛ አገኘ፤ ወዳጅ ግን አጣ። አዲስ አበባ መጥቶ የግድግዳ ጎረቤቱን ስም ሳያውቅ ዓመት የከረመ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ፣ ፖል ሃሪስ ምን እንደ ተሰማው አይጠፋውም። እ.ኤ.አ. የካቲት 23 ቀን 1905 ሃሪስ ከሦስት ሰዎች ጋር ተሰበሰበ። አንዱ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ፣ አንዱ የማዕድን መሐንዲስ፣ አንዱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ስብሰባውን ዛሬ ከአንዱ ቢሮ፣ ሌላ ጊዜ ከሌላው ቢሮ እያሉ በየተራ አዞሩት፤ ሮታሪ የሚለው ስም የወጣው ከዚህ መዞር ነው። የጽዋ ማኅበር የጠጣችሁ ሁሉ ለምን እንደምትስቁ ገብቶኛል። ጽዋው ዛሬ እኔ ቤት፣ በሚቀጥለው ወር እርስዎ ቤት አይደል? ፖል ሃሪስ ያገኘውን እኛ ቀድመን እናውቀው ነበር።

መጀመሪያ ላይ ክበቡ ለአባላቱ ጥቅም ነበር። ነጋዴው ከልብስ ሰፊው ይገዛል፣ ልብስ ሰፊው ጠበቃውን ይቀጥራል። ቆይተው ግን፣ «ለራሳችን ብቻ ከሆነ ምኑን ተሰበሰብነው?» አሉ። ወደ ሕዝብ ከወጡባቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ምን እንደ ነበረ ታውቃላችሁ? በቺካጎ መሀል ከተማ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ መወትወት! ሐውልት አላቆሙም፤ ሽንት ቤት ነው የጠየቁት። ይህን ሽንት ቤት አደራ አትርሱብኝ፤ ኋላ አማራ ክልል ውስጥ እናገኘዋለን።

ሁለተኛው ታላቅ ክበብ ላየንስ ነው። በ1917 ሜልቪን ጆንስ የተባለ የኢንሹራንስ ሰው፣ እዚያው ቺካጎ፣ የንግድ ሰዎች ማኅበራት ከኪሳቸው አሻግረው እንዲያዩ ወተወተና ክበቦቹን አሰባሰበ። እኛ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ ላየንስ ማለት «አንበሶች» ነውና፣ እነዚህ ደግሞ አንበሶቹ ራሳቸው ድር ሆነው ያበሩ ናቸው። በ1925 ዐይነ ስውርና መስማት የተሳናት ሔለን ኬለር ኦሃዮ ውስጥ በጉባኤያቸው ቀርባ፣ ለዐይነ ስውራን ጨለማን የሚዋጉ ፈረሰኞች ሁኑልን ብላ ለመነቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዐይን የላየንስ ሥራ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ እንደ ሴት አንዲት ነገር ካልተናገርኩ አይሆንልኝም። ትልቁን ሥራቸውን ያሸከመቻቸው ሴት ናት። የላየንስ በር ለሴቶች በሙሉ አባልነት የተከፈተው ግን በ1987፣ የሮታሪ ደግሞ በ1989 ነው። ስድሳ ዓመት! ክበባችሁ ዛሬ ከፊት ወንበር ያስቀመጣቸውን እናቶች ሳይ ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። ወጣቶችም ብትሆኑ ከኋላ የቆማችሁት ወንበር ስላለቀ እንጂ ቦታ ስለሌላችሁ እንዳይመስላችሁ። የላየንሱ ሊዮ ከ1957፣ የሮታሪው ሮታራክት ከ1968 ጀምሮ የእናንተው ክበቦች ናቸው።

ሁለተኛው ነጥቤ ስለ ራሳችን ነው።

«ክበብ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ እድር አለን» የሚል ሰው ሁልጊዜ ይገጥመኛል። ግማሽ እውነት አለው። ወንፈል ዛሬ የእኔን ማሳ ታርማለህ፣ ነገ የአንተን አርማለሁ ነው፤ ብድሩ የማይመለስ ወንፈል የለም። ደቦውም ጠላውና ንፍሮው ቀርቦበት የሚመለስ ውለታ ነው። እድርም የከፈለ ይቀበርበታል፣ የቀረ ይቀጣበታል። እነዚህ ሁሉ ያኖሩን፣ ዛሬም የሚያኖሩን ናቸው። የሚሠሩት ግን በመመላለስ ነው፤ አንተ ለእኔ፣ እኔ ለአንተ።

ብድር መመለስ የማትችለዋስ? ወርኃዊ መዋጮ የማትከፍል፣ ዛሬ ከዚህ ነገ ከዚያ ጥግ የምታድር፣ የማንም እድር መዝገብ ውስጥ ስሟ የሌለ እናት አለች። የአገልግሎት ክበብ ቦታው እዚህ ጋ ነው። ክበብ ማለት ብድሩን ሊመልስ ለማይችል ሰው የሚወጣ ደቦ ነው። ሮታሪ «ከራስ በላይ አገልግሎት» የሚለው፣ ላየንስ «እናገለግላለን» የሚለው በአማርኛ ሲፈታ ይኸው ነው።

ታዲያ እድር ከክበብ የሚማረው ካለ፣ ክበብም ከእድር የሚማረው ትልቅ ነገር አለ። እድር ማግስትን ያውቃል። ቀብር የተፈጸመ ዕለት እድርተኛው ተበትኖ አይቀርም። በሠልስቱ ይመለሳል። ድንኳኑ ይነቀላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ንብረት ያዡ ድስቱንና ጭልፋውን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ሁለት ሳሕን ከጎደለ ሁለት ሳሕን ጎደለ ተብሎ ይጻፋል። ስንቶቻችን የክበብ ሰዎች ነን ከምረቃው ሦስት ቀን በኋላ ተመልሰን ድስት የምንቆጥር?

እንግዲህ ሁለተኛውን ነጥቤን ላጥብቀው። ብድር ለማይመልሰው መውጣትን ከክበብ፣ መመለስንና መቁጠርን ከእድር እንውሰድ። ሁለቱ ሲጋቡ ምን እንደሚወለድ አሁን አሳያችኋለሁ።

ሦስተኛው ነጥቤ፤ ሁለት በሽታዎች።

አንደኛው የዐይን ማዝ ነው፤ ትራኮማ። በወጣትነቴ ምሥራቅ ጎጃም በአንድ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። አንዲት እናት መጡ። ነጠላቸውን ዐይናቸው ላይ ጥለዋል፤ ብርሃን ይወጋቸዋል። አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር የተንጠለጠለ አንድ ነገር አየሁ። ወረንጦ ነበር። «ይኼ ለምንድን ነው እማማ?» አልኳቸው። «ለሽፋሽፍቴ ነዋ የኔ ልጅ። ወደ ውስጥ እየዞረ ይወጋኛል። ማየት ስለማልችል የምትነቅልልኝ ልጄ ናት» አሉኝ። ልጅቱን ዞር ብዬ አየኋት። ዐሥራ ሁለት ቢሆናት ነው። የእሷም ዐይን ቀልቷል።

ይህ በሽታ እንዲህ ነው የሚሠራው። ባክቴሪያው ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት በእጅ፣ በነጠላ ጫፍ፣ በዝንብ ይተላለፋል። አንዴ ይዞ ቢለቅ ኖሮ ባልከፋ። እየተመላለሰ ሲይዝ የዐይኑ ቆብ ከውስጥ ይጠባሰሳል፣ ይኮማተራል፣ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ያዞረዋል። ከዚያ በተርገበገቡ ቁጥር ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቃል። ልጆች የሚያቅፉት እናቶች ናቸውና ከወንድ ይልቅ ሴቷን አብዝቶ ያሳውራል። አስተውሉልኝ፤ በሽታው ራሱ ተመላላሽ ነው። ተመላላሽ በሽታን አንድ ቀን መጥቶ የሚሄድ ክበብ አያሸንፈውም።

አማራ ክልል ይህ በሽታ በዓለም ላይ እጅግ ከጠናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የኢትዮጵያ ላየንሶች ከካርተር ማዕከልና ከጤና ቢሮው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡበት። በዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሣው ዶክተር ጠበበ የማነ ብርሃን ናቸው። የማዕከሉ መሥራች ጂሚ ካርተር ራሳቸውም የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው አስቀድሞ በትውልድ ቀያቸው የላየንስ ክበብ አባል ነበሩ። የሥራው ስልት አራት እግር አለው፦ የተገለበጠውን ሽፋሽፍት በቀዶ ጥገና ማቃናት፣ መድኃኒት ማደል፣ ፊት መታጠብ፣ አካባቢን ማጽዳት። መድኃኒቱ አዚትሮማይሲን ነው፤ ፋይዘር በእርዳታ የሚሰጠው። ሰዉ ከመለኪያ እንጨት አጠገብ ይቆማል፣ በቁመቱ ልክ እንክብሉ ይቆጠርለታል። ደግሞም አንዴ ተሰጥቶ አይበቃም፤ ለከርሞም መመለስ ነው።

አሁን ያን የቺካጎውን ሽንት ቤት አምጡልኝ። ትራኮማን የምታዛምተው ዝንብ የምትፈለፈለው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ላይ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ አይመቻትም። ስለዚህ ሽንት ቤት መቆፈር ዐይን ማዳን ነው። በ2004 በአማራ ክልል 10,000 ሽንት ቤት ለማሠራት ታቅዶ በዓመቱ ከ300,000 በላይ ተሠራ! ይህን ያህል ሕዝብ ዝንብ ፈርቶ ነው የቆፈረው? ከሁሉ ይልቅ የገፉት ሴቶች ናቸው። ለሴት ልጅ በቀን ብርሃን ሜዳ መውጣት ነውር ነው፤ ጎሕ ሳይቀድ ወይም ከመሸ ነው የምትወጣው። ቀኑን ሙሉ ይዛ ትውላለች። ስለዚህ «የአንቺ ቤት አለው፤ የእኔስ ለምን አይኖረውም?» ተባባሉ፤ ባሎቻቸውንም አስቆፈሩ። እንጨቱም ጭቃውም ከደጃቸው ነው።

ትምህርቱን ልድገመው። የክበብ ሥራ ሥር የሚሰድደው ሰዎቹ ራሳቸው ሲፈልጉት ከቆዩት ነገር ጋር ሲገጥም ነው። እኛ ዐይን ብለን ሄድን፤ እነሱ ክብር ብለው ቆፈሩ። ለጉድጓድ ደግሞ ሪባን የሚቆርጥ የለም።

ሁለተኛው በሽታ ፖሊዮ ነው፤ የልጅነት ልምሻ። ሮታሪ በ1985 ይህን በሽታ ከምድር እናጠፋለን ብሎ ተነሣ። በ1988 ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ጋር ዘመቻው ሲጀመር በ125 አገሮች በዓመት 350,000 ያህል ሕፃናትን ሽባ ያደርግ ነበር። ዛሬ ተፈጥሯዊው ቫይረስ ከአፍጋኒስታንና ከፓኪስታን በቀር መኖሪያ የለውም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 2020 አፍሪካ ከተፈጥሯዊው ቫይረስ ነጻ ተባለች።

እዚህ ያላችሁ እናቶች ይህን ሥራ በደጃችሁ አይታችሁታል። የበረዶ ሣጥን ያንጠለጠለች ልጅ በር ታንኳኳለች፣ ሁለት ጠብታ በሕፃኑ አፍ ትጨምራለች፣ ትንሿን ጣቱን በቀለም ትነካለች፣ በሩ ላይ በጠመኔ ጽፋ ወደሚቀጥለው ደጅ ታልፋለች። በሲያትል የሚኖሩት ወገናችን፣ የኢንሹራንስ ሰው የሆኑት ዕዝራ ተሾመ፣ አሜሪካውያን የሮታሪ አባላትን እየያዙ ለብዙ ዓመታት ወደ አገራቸው ተመላለሱ፤ እነዚያ ሰዎች ጠብታውን በእጃቸው እንዲያጠጡ። አንዴ መጥተው ቢሆን ኖሮ ስማቸውን አላነሣውም ነበር። የማነሣው ስለ ተመላለሱ ነው።

ለምን መመላለስ? ትናንት የተከተበ ልጅ ክትባቱ ዛሬ ለተወለደው አይሆነውማ! በ2013 ቫይረሱ በሶማሌ ክልል ዶሎ ዞን ተመልሶ ገባና እስከ 2014 መጀመሪያ 10 ልጆችን ያዘ። ዛሬም ቢሆን ከክትባቱ ተለውጦ የሚነሣ ቫይረስ ክትባት ባልደረሰባቸው ሰፈሮች ይነሣል። «ጨርሰናል» ብለን እግራችንን በዘረጋን ማግስት ይመጣል። ቃሌን ያዙልኝ፤ ማግስት።

አሁን ወደ አራተኛው ነጥቤ ደረስኩ። መርፌው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የምወጋው ራሴን ነው።

ጡረታ እንደ ወጣሁ እንደ እናንተ ካለ ክበብ ገባሁ። በዚህችው በአዲስ አበባ ለአንድ ትምህርት ቤት የእጅ መታጠቢያ እንሥራ ተባለ። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ነርስ ነኛ። ገንዘብ አዋጣን። ስድስት ቧንቧ ያለው ነጭ ሴራሚክ የለበሰ መታጠቢያ ተሠራ፣ ከላዩ ሮቶ ተሰቀለ፣ የክበባችን ዓርማ በእብነ በረድ ተቀርጾ ተለጠፈ። በምረቃው ቀን ውሃው ፏፏ አለ፣ ልጆቹ ዘመሩ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሣን። ፎቶው እስከ ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ አለ።

ከሁለት ወር በኋላ በሌላ ጉዳይ እዚያ ሰፈር ሄጄ ጎራ አልኩ። ሮቶው ባዶ ነው። አንደኛዋ ቧንቧ ጎሚኒዋ ተበልቶ በጨርቅ ታስራለች። ገንዳው ውስጥ ደረቅ ቅጠልና የማስቲካ ልጣጭ ሞልቷል። እብነ በረዱ ብቻ ነበር የሚያብረቀርቀው። አንዲት ትንሽ ተማሪ ወደ እኔ መጥታ፣ «እትዬ፣ ውሃ ፈልገው ነው? እዚህ ውሃ የለም» አለችኝ። የክበባችን ስም ከራሷ በላይ ተጽፏል። የምመልሰው አጣሁ።

ምን ነበር ችግሩ? ውሃ በሰፈሩ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ እሱም ሌሊት። ሌሊት ትምህርት ቤት ማን አለ? ርእሰ መምህሩ የሉም፣ መምህራኑ የሉም፣ ክበባችን የለም። ያለው ዘበኛው ነው። ወደ ሮቶው የሚያስገባው መክፈቻ ደግሞ ንብረት ክፍል ውስጥ ተቆልፎበታል። ዘበኛውን አነጋገርኳቸው። ብርድ ልብሳቸውን ትከሻቸው ላይ እንደ ጣሉ፣ «ውሃው ሲመጣ የቧንቧውን ድምፅ እኔ እሰማዋለሁ። እስኪነጋ ሄዶ ያልቃል። ክፈት ያለኝ ሰው የለም፣ ቁልፉም እኔ ዘንድ የለም» አሉኝ።

የምረቃውን የጥሪ ካርድ ዝርዝር ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። ከወረዳ ስንት ሰው እንደ ጠራሁ አስታውሳለሁ። የዘበኛው ስም አልነበረበትም። ዕቅዱን ስናወጣም «ውሃው መቼ ይመጣል?» ብለን አልጠየቅናቸውም። በስድስት ቧንቧና በአንድ ሮቶ ውስጥ የጎደለው አንድ ጥያቄ ነበር፤ መልሱ በር ላይ ተቀምጦ ነበር።

መፍትሔው ምን ፈጀ? ቁልፉ ለዘበኛው ተሰጠ፤ ለሌሊት ድካማቸው ክበባችን በየወሩ ጥቂት ብር ይሰጣቸው ጀመር። የትምህርት ቤቱ የጤና ክበብ ልጆች ገንዳውን በተራ እንዲያጥቡ ሆነ። ከእኛ አንዱ አባል በወር አንድ ቅዳሜ ጎሚኒና መፍቻ በኪሱ ይዞ ይሄዳል። ከሴራሚኩ ዋጋ ጋር ሲተያይ ይህ ወጪ አይባልም። ያን ትምህርት ቤት ያገለገልነው ግን ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ያገለገልነው ራሳችንን ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፣ ሦስቱን ጥያቄ ትቼላችሁ ልውረድ።

አንደኛ፣ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት፤ ሌሊት እዚያ የሚያድረውን ሰው ጠይቃችኋል? ዘበኛውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋን፣ ውሃ ቀጂዋን ልጅ። ከእነሱ ጋር ያልተመከረ ዕቅድ ከጉልላት የተጀመረ ቤት ነው።

ሁለተኛ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ ነው? ላደሳችሁት የአረጋዊት ቤት ጣራ፣ ለሰጣችሁት ተሽከርካሪ ወንበር፣ ለከፈታችሁት የንባብ ክፍል፤ ጎማው ሲተነፍስ፣ ቆርቆሮው ሲቀደድ፣ መጽሐፉ ሲያልቅ ማን ነው የሚጠራው? እሱን የሚጠራውስ?

ሦስተኛ፣ ሠልስታችሁ መቼ ነው? በምረቃው ግብዣ ካርድ ላይ የምትመለሱበትን ቀን አብራችሁ አሳትሙት። ተመልሳችሁ ድስቱን ቁጠሩ። የጎደለውን የጎደለ ብላችሁ በመዝገባችሁ ጻፉ። የጎደለ መጻፍ የሚያሳፍረው ክበብ እንዴት አድርጎ ይሞላዋል?

እኚያን የወረንጦ እናት ብዙ ጊዜ አስባቸዋለሁ። ልጃቸው ሽፋሽፍቱን የምትነቅልላቸው አንዴ አልነበረም። ይበቅላል፤ ትነቅላለች። ደግሞ ይበቅላል፤ ደግሞ ትነቅላለች። እናቷ ናቸውና አልሰለቻትም። እኛን የሚጠብቀን ሥራም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ዛሬ ከመግባቴ በፊት በር ላይ የቆሙትን የዚህን አዳራሽ ዘበኛ፣ «ውስጥ ገብተው አይሰሙም ወይ?» ብላቸው፣ «ሰው ሲወጣ ነው የኔ ሥራ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለሚቀጥለው ምረቃችሁ የመጀመሪያውን የጥሪ ካርድ እንደ እሳቸው ላለ ሰው ጻፉልኝ።